ተቀምጦ ለሚያዝን ሰው የማይበራ መብራት

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

የጠዋት ቆጠራ፦ ቤት ውስጥ ካሉት አምስት ጀሪካኖች ሁለቱ ሙሉ። ቧንቧ ደረቅ። ሊፍት ቆሟል። ትናንት ከሱቅ ሰባት ጀሪካንና አራት የእጅ ባትሪ ወጣ፤ ገዢዎቹ ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም የራሳችን ሕንፃ ነዋሪዎች።

ለክቡር ኢንጂነር ሃይለማርያም
የ«ምቾት» ኃይል ቆጣቢ አፓርታማ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ጤናዎም እንደ ሕንፃችን ሙቀት በአራቱም ማዕዘን ታሽጎ የሚጠበቅ፣ ማንም ከፍቶ የማያስወጣው ይሁን። እኔ ከሦስተኛው ፎቅ አብዱሰመድ ነኝ፤ የወሎ ሰው፣ ከግቢዎ በር ማዶ ባለችው ሱቅ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን የምሸጠው። የየዕለቱን ውሎዬን መጻፍ ልማዴ ስለሆነና ይህም ደብዳቤ ከዚያው የተቀዳ ስለሆነ፣ ከስምዎ በላይ የጀሪካን ቆጠራ በማግኘትዎ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። በአማርኛ መጻፌም ከንቀት አይደለም፤ ትግርኛዬ ገበያ ላይ ዕቃ ይሸጣል እንጂ ለእርስዎ ማዕረግ አይመጥንም፣ የሕንፃውንም መተዳደሪያ ደንብ ራስዎ በአማርኛ አሳትመው ስለ ሰጡን በሰጡን ቋንቋ መመለሱን መረጥሁ።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ ዝጉን ስለሞከርሁት ነው። በፖስታ አሽጌ ካስገባሁት ሁሉ መልስ ያገኘሁት ለአንዱ ብቻ ሲሆን፣ ስለዚያ መልስ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ቅሬታ ከማቅረቤ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ቤቱን ሲሸጡልን «በትንሽ ኃይል ሙሉ ምቾት» ብለውን ነበር፤ ትንሹን ኃይል በተመለከተ ቃልዎን ጠብቀዋል። የመብራት ክፍያዬ ቀድሞ ተከራይቼ ስኖር ከምከፍለው ሩቡን አይሞላም። ያልተነሣ ሊፍት፣ ያልዞረ ፓምፕና ያልበራ አምፖል ብዙ እንደማያስቆጥሩ ነጋዴ ስለሆንሁ ለመረዳት አልተቸገርሁም፤ እኔም ሱቄን ብዘጋው አንድም ቀን አልከስርም።

አሁን በቁጥር ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. ስለ መስኮቶቻችን። የሕንፃው ንድፍ በረዶ ከሚወርድበት አገር እንደመጣ በርክክቡ ዕለት በኩራት ነግረውናል፤ በንድፉም መሠረት መስኮቶቻችን ሙቀት እንዳያባክኑ ከአራት ጣት በላይ አይከፈቱም። የመቐለ ንፋስ ከማለዳ እስከ ማታ በነፃ እየነፈሰ ከመስታወቱ ውጭ ሲያፏጭ፣ እኛ ውስጥ ሆነን በጋዜጣ እንራገባለን። ከሁለተኛው ፎቅ መምህር ረታ፣ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ «አብዱ፣ ሙቀቱን ተወው፤ እሱም እንደ እኛ ቤቱን ገዝቶ ነው የገባው፣ ማን ያስወጣዋል?» ብሎኛል። እኔ ግን ቢያንስ ከአራት ጣት ወደ አንድ ክንድ ከፍ እንዲል በትሕትና እጠይቃለሁ።

2. ስለ ሙቅ ውኃችን። ጣሪያው ላይ ያስተከሉት በፀሓይ ውኃ የሚያሞቅ መሣሪያ በእርግጥ ድንቅ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ችግሩ ውኃውን ወደ ጣሪያ የሚገፋው ፓምፕ ኃይል እንዲቆጥብ ቀን ቀን እንዲያርፍ በማዘዝዎ ነው። ስለዚህ ፀሓይ ባለችበት ሰዓት ውኃ የለንም፤ ውኃ በሚመጣበት ሰዓት ፀሓይ ገብታለች። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ምስጋናዬ ከቅሬታዬ ይበልጣል፤ ወደዚህ ሕንፃ ከገባሁ ወዲህ እንደ እርስዎ ያለ ጀሪካን የሚያሸጥልኝ ሠራተኛ አልቀጠርሁም፣ ደመወዝም ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለቤቴ ሩፋይዳ ይህን ስጽፍ አይታ «ተው አንተ ሰው፣ ፓምፑ ቢሠራ እኮ ሱቁን የምትዘጋው አንተው ነህ» ብላኛለች። ልክ ነች። እንዲያውም ስለ ውኃና ስለ መስኮት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ መሸጤን እቀጥል ነበር፤ ብዕር ያነሣሁት ለሦስተኛው ነው።

3. ስለ ኮሪደሩ መብራት። በየፎቁ ያለው ኮሪደር በቤቶቹ መካከል ስለሚያልፍ መስኮት የለውም፤ ፀሓይ በሞላበት ከተማ እኩለ ቀን ላይ ጨለማ ነው። እዚያ ያስገጠሙት መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ ይበራል፣ እንቅስቃሴ ሲያጣ ደግሞ ሰው የለም ብሎ ይጠፋል። ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ይህን ጽሑፍ ምድር ቤት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ጎረቤቶቼም እዚህ እስክትደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ እጃችሁን እንዳወዛወዛችሁ አውቃለሁ፤ ስላረዘምሁ ይቅርታ።

ክቡር ኢንጂነር፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት ኣቦይ ዮሃንስ ታኅሣሥ 10 ቀን ማረፋቸውን ያውቃሉ፤ የሐዘን መግለጫዎ በማኅተም ተደግፎ ደርሶናል። እኒህ ሰው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። መቐለ መጥቼ ንግድ ስጀምር ዕቃዬን ከኮምቦልቻ ዓመታት ሙሉ ያመጡልኝ እርሳቸው ሲሆኑ፣ አንድ ባልዲ ጎድሎብኝ ወይም ተሰንጥቆብኝ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ያጠራቀሙትን ይዘው ከሰሜን ክፍለ ከተማ ወደ «ምቾት» የገቡት፣ ባለቤታቸው ኣደይ ኣብርሀት በእርጅናቸው ጊዜ ጥቂት እንዲመቻቸው ብለው ነበር። ልጅ አልወለዱም። ለኣደይ ኣብርሀት የቀሯቸው ዘመዶች የባላቸው ወገኖች ናቸው፤ የእነርሱም ታላቅ በዓጉላዕ በኩል የሚኖሩት የሟቹ ወንድም ኣቦይ ገብረሃንስ ናቸው።

ከቀብር መልስ ከሰሜን የመጣው የዕድር መኪና ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ጭኖ በራችን ላይ ቆመ። ዘበኛዎ ደንቡን አወጣና በግቢው ውስጥ ማናቸውንም ጊዜያዊ መጠለያ መትከል የአየር ዝውውርን ስለሚያውክ ክልክል መሆኑን አነበበልን። ከአራት ጣት በላይ በማይከፈት መስኮት የሚገባው የትኛው አየር እንደሚታወክ የጠየቀው አልነበረም፤ ሰዉ ሬሳ ቀብሮ መምጣቱ ነበር። ድንኳኑ በመጣበት መኪና ተመለሰ፣ አግዳሚዎቹ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ፣ ሴቶቹ እቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።

ለቅሶ ላይ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ንድፉ ከመጣበት አገር ሰው እየተራመደ የሚያዝን ሊሆን ስለሚችል ልጻፈው። እኛ ዘንድ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ዝም ባልን ቁጥር ጨለመብን። አንዱ ብድግ ሲል ይበራል፣ እንቀመጣለን፣ ይጠፋል። በመጨረሻ ረታና እኔ ተራ ገብተን ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለስን መብራቱን መጠበቅ ጀመርን። ረታ በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ ያለቅሳል፣ እኛ መጥተን ሠልፍ እንለማመዳለን» ይለኝ ነበር። ኣደይ ኣብርሀት እንኳ በዚያ ሐዘን መካከል ሰምተው ፈገግ ብለዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እኔ ለሶላት ወርጄ፣ ረታም ሊያስተምር ሄዶ፣ የቀሩት ወንዶችም ለምሳ ተበትነው ሳለ ኣቦይ ገብረሃንስ የአገራቸውን ሽማግሌዎች አስከትለው ደረሱ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን በበትራቸው እየተደገፉ ወጡ፤ መብራቱም ሲመጡ አይቶ በክብር በራላቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እንደ ወጋቸውም ግንባራቸውን በበትራቸው ላይ ደፍተው ዝም አሉ። መብራቱ ጠፋ። የሚያበራ ሰው ይመጣል ብለው ጠበቁ። ሴቶቹ እቤት ውስጥ ስለነበሩ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ በጨለማው ውስጥ አንድም ሰው ወጥቶ ቃል አልተናገራቸውም። ስለዚህ ኣቦይ ገብረሃንስ የተባሉት ነገር የገባቸው መስሏቸው ተነሡ። ሲነሡ መብራቱ ቦግ ብሎ በራ።

እኔ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ሲወርዱ ነው። እህል አልቀመሱም። «ኣቦይ፣ ወዴት ነው?» ብዬ ክንዳቸውን ብይዝ ቀስ አድርገው አስለቀቁኝና «ሕደገኒ ወደይ፣ ተወኝ ልጄ፣ የተባልነው ገብቶናል» አሉኝ። «ስንቀመጥ አጠፉብን፣ ልንሄድ ስንነሣ አበሩልን። ከዚህ በላይ በምን አፍ ሂዱ ይባላል?»

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ዕቃ ሸጫለሁ፤ እንግዳን ተቀምጦ እያለ የሚያባርር፣ ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ መንገድ የሚያሳይ ዕቃ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም። ከየት እንዳመጡት ቢነግሩኝ ለአንዳንድ ተበዳሪዎቼ እፈልገው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከዓጉላዕ መልእክት መጣ። የኣቦይ ዮሃንስን ዓርባ ወገኖቻቸው እዚያው በአጥቢያቸው ያወጣሉ፤ ወደሚያባርር ቤት አይመለሱም፤ ኣደይ ኣብርሀትም አልተጠሩም። ይህን የሰሙ ዕለት ሴትዮዋ በሬን አንኳኩተው ገቡና እንደ ቆሙ «ኣብዱ ወደይ፣ ሰውዬውን ቀበርሁ፣ እሺ፤ አሁን ደግሞ ዘመዶቹን በቁማቸው ልቀብር ነው?» አሉኝ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። እኔም ሻይ አፈላለሁ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ውኃ ግን አልነበረም።

ከጥምቀት በፊት በነበረው እሑድ ረታን ይዤ ዓጉላዕ ሄድሁ። ረታ መምህር ስለሆነ ስለ መብራቱ አሠራር ለሽማግሌዎቹ ረጅምና ግልጽ ማብራሪያ ሰጠ፤ እጁን ሲያወዛውዝና ሲያቆም፣ ዓይኑን ሲገልጥና ሲጨፍን፣ እርሱ ራሱ መብራቱን ሆኖ አሳያቸው። አንዱ ሽማግሌ «እዚህ ልጅ ላይ የሆነ ነገር ወርዶበታል» ብሎ ሲያማትብ ሌሎቹ ሳቁ፣ መሳቃቸውም ነገሩን አቀለለልን። ኣቦይ ገብረሃንስ ግን አልሳቁም። ሁሉን አዳምጠው ሲያበቁ «መብራቱ በራሱ ፈቃድ የሚያበራና የሚያጠፋ ከሆነ፣ የዚያ ቤት ጌታ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ እንዳለ አስተላልፍልዎታለሁ።

ያም ሆኖ ይቅር አሉ። ቃላቸው አጭር ነበር፦ ዓርባው በወንድማቸው ደጅ፣ በድንኳን ከሆነ ወገናቸውን ሰብስበው ይመጣሉ፣ ከኣደይ ኣብርሀት ጎንም ይቀመጣሉ፤ ወደዚያ ኮሪደር ግን ዳግመኛ አይገቡም። ኣደይ ኣብርሀት ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኢንጂነሩ እሺ ይላሉ?» ብለው ነው። እኔም እርስዎን ስለማከብር «እንዴት እሺ አይሉም» አልኋቸው። በንግድ ዘመኔ ናሙናውን ሳላይ ዋስ የሆንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥር 8 ቀን ያስገባሁትን ማመልከቻ ጥር 10 ቀን መለሱልኝ፤ ከላይ መልስ አገኘሁበት ያልሁት ይህ ነው። ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። በመልስዎም ዓርባው የሚውልበት ቅዳሜ ጥር 19 «አርአያ ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ» የሚባለውን የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ገምጋሚዎች የሚመጡበት ቀን መሆኑን፣ ድንኳን የሕንፃውን ገጽታ እንደሚያበላሽ፣ ሐዘንተኞችም «ዘመናዊ መብራት የተገጠመለትን የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር» መጠቀም እንደሚችሉ ገልጸውልኛል። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ለኣደይ ኣብርሀት አላነበብሁላቸውም። ለረታ ሳሳየው ግን፣ ያ ቀልደኛ ሰው፣ አንብቦ ወረቀቱን አራት አጥፎ መለሰልኝና ሊያስተምር ሄደ።

4. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፣ ስለ ሊፍቱ፤ ትቼዋለሁ። ቀሪውን ቦታ ለልመና ላውለው።

የምለምንዎ አንድ ድንኳን፣ አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኃይል ቆጣቢ መሆኑንም እንደ ሻጭ ላስረዳዎ። ድንኳኑ በቀን ስለሚተከል መብራቱ ፀሓይ ናት። አየሩ በአራቱም ጎን ይገባል፣ ሙቀትም ቢያመልጥ የሚከሰስ የለም። ውኃውን ከሱቄ በአዲስ ጀሪካን አቀርባለሁ። ሊፍት አያስፈልገውም፤ መሬት ላይ ነው። የሕንፃው ቆጣሪ በዚያ ድንኳን ምክንያት አንዲት ጊዜ አይዞርም። ገምጋሚዎቹ በእውነት ኃይል ሳያባክን ሰውን በምቾት የሚያስተናግድ ቤት ማየት ከፈለጉ፣ ግቢዎ ውስጥ ሌላ የሚያሳዩአቸው እንደሌለ በእርስዎ ፊት ለመናገር እደፍራለሁ።

ኣደይ ኣብርሀት መስኮት አልጠየቁም፣ ሙቅ ውኃም አልጠየቁም። ከገቡ ጀምሮ አንድም ቀን ቅሬታ ሲያሰሙ አልሰማሁም፤ ይልቅስ «ባሌ የገዛልኝ ቤት ነው» እያሉ የማይከፈተውን መስኮት ይወለውላሉ። የሚፈልጉት የባላቸው ወንድም መጥተው ከጎናቸው እንዲቀመጡና አገር እንዲያይ ብቻ ነው። ይህ ቅዳሜ ካለፈ ደግሞ ሌላ ዓርባ የለም።

እነሆ ቃሌን እጨርሳለሁ። በዘመንዎ የታነጸው ሕንፃ ጸንቶ እንዲቆም፣ የምስክር ወረቀትዎም በመልካም ክፈፍ ገብቶ ሰው በሚመላለስበትና ሁልጊዜ በሚታይበት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል እየተመኘሁ፣ ለከፈልሁት ዋጋ ካገኘሁት ምቾት ይልቅ ለሸጥሁት ጀሪካን ባለ ዕዳዎ የሆንሁት፣ ትሑት ነዋሪዎና ጎረቤትዎ፣

አብዱሰመድ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኣደይ ኣብርሀት ትይዩ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ የለመንሁዎ ከጨዋነት ብቻ መሆኑን ሳልገልጽ ብቀር ማታለል ይሆንብኛል። የደንብዎ ሥልጣን እስከ አጥሩ ነው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ፊት ያለው የመንገድ ዳር የእርስዎ ስላልሆነ ትናንት ከጣብያው፣ ማለት ከቀበሌው አስተዳደር፣ ጠይቄ ለቅዳሜ ተፈቅዶልኛል፤ በግቢው ውስጥ ካልፈቀዱ ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ነው፣ አፉም ወደ በሩ ይዞራል። ክቡራን ገምጋሚዎቹ ወደ ሕንፃው ለመግባት በእርሱ በኩል ማለፍ ይኖርባቸዋል፤ የአገር ልጆች ናቸውና የሐዘን ድንኳን አይተው ሳይቀመጡ አያልፉም። ከኣቦይ ገብረሃንስ ጎን ቦታ እናስይዝላቸዋለን። ስለ ሕንፃው የሚጠይቁት ካለ ሽማግሌው የሚያውቁትን ይነግሯቸዋል።

ለነገ፦ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሰሜን መሄድ፤ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከያዡ መቀበል፣ ድንኳኑን ዘርግቶ የተቀደደ እንዳለው ማየት። ለሰባቱ ምትክ ጀሪካን ማዘዝ።